የሳጥኑ በዓል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ አልማዝ አንድ ሕግ አውጥታብኛለች፤ ሰው ቤት ስንሄድ እጄን ከኪሴ እንዳላወጣ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጭቆና ይመስላል። ፍርዱ ግን ትክክል ነው። አብዛኛውን ዕድሜዬን መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ስለኖርኩ፣ የሰው ቤት ስገባ ከሰላምታው በፊት ዓይኔ የብሬከር ሳጥኑን ይፈልጋል። ካገኘሁት ደግሞ የእጄን ጀርባ ሳላስነካው አላልፍም። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ለቅሶ ቤት ሄደን፣ መግቢያው አጠገብ ያለውን ሳጥን በእጄ ጀርባ ነክቼ፣ ሙቀቱ እንዲሰማኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። የሟች ወንድም መጥቶ አቀፈኝና «አይዞህ ጋሽ ተካ፣ እንዲህ ትወደው እንደነበር አላወቅንም» አለኝ። ሟቹን በሕይወቴ ያየሁት ምናልባት ሁለቴ ነው። ሳጥኑ ግን እውነትም ሞቅ ብሎ ነበርና ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሄጄ የላላውን ብሎን አጠበቅኩላቸው።

ሰው ስለ መብራት ሲያስብ አምፖሉን ነው የሚያስበው። ሳጥኑን የሚያስታውሰው የለም። ከቆጣሪው የመጣው ኃይል ሁሉ ግን መጀመሪያ እዚያ ይገባል፤ ከዚያ ነው ለምድጃው፣ ለምጣዱ፣ ለቴሌቪዥኑ የሚከፋፈለው። ውስጡ የተደረደሩት ብሬከሮች ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ወይም ሁለት ሽቦ ሲነካካ ቀጭ ብለው ይወድቃሉ፣ መብራቱም ይጠፋል። የቤቱ ሰው ያን ጊዜ ብሬከሩን ይረግማል። እኔ ሥራዬ ብሬከሩን መግጠም ብቻ አልነበረም፤ ጥብቅናም እቆምለት ነበር።

ይህን አመል ያስያዙኝ ጋሽ ሙዴ ናቸው። አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ ሽቦና ሶኬት ይሸጡ ነበር። ለሥራ ሲጠሩ ሱቁን ለጎረቤታቸው ለቅመም ነጋዴው አደራ ብለው ይወጣሉ። ከሙያ ትምህርት ቤት ያገኘሁትን የምስክር ወረቀት ይዤ ስቀርብ ወረቀቱን ገልበጥ እንኳ አላደረጉትም።

«እጅህ ያልበዋል?» አሉኝ።

«አያልበውም።»

«እንግዲያው ነገ ና።»

ቅጥር ማለት ይኸው ነበር። ደሞዙ ምሳዬንና ትራንስፖርቴን ችሎ ለሸሚዝ አይተርፍም፤ ግን እሳቸው ዘንድ የተማርኩትን የትም አልተማርኩም።

በዚያ ዘመን የሰፈሩ ቤት አብዛኛው የጭቃ ነው። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ መጀመሪያ ጣውላ ይመታና በጣውላው ላይ ባልቦላውን፣ የሸክላ ፊውዙን፣ ይገጥማል፤ ባልቦላው ሲቃጠል ደግሞ በውስጡ ወፍራም ሽቦ ይጠመጥምበትና ይሄዳል። ጋሽ ሙዴ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያዩ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። «እሳት ቢነሳ እንዳይቸግረው ማገዶውን አዘጋጅተውለታል እኮ!» ይላሉ። ጣውላውን ነቅለው፣ ጭቃውን ፈልፍለው፣ ሲሚንቶ ሞልተው፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ሰው ቢለምናቸው አይሰሙም። ከዚያ የብረት ሳጥን ይገጥማሉ። ሽቦ የሚገባበትን ቀዳዳ በጎማ ቀለበት ያለብሱታል፤ ሽቦ ያልገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ። «አይጥም እንዳይገባ፣ እሳትም እንዳይወጣ» ነበር አባባላቸው።

ብሎን ካጠበቁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ይዘው ይጎትታሉ። ከወጣ ይስቃሉ። «ዛሬ በእኔ እጅ ወጣ፣ እሰይ!» ይሉና እንደገና ያስገቡታል። መዳቡ ከብሎኑ ውጭ ብልጭ ብሎ መታየት የለበትም፤ የሽቦው ልባስም ከብሎኑ ሥር ገብቶ መቆንጠጥ የለበትም። ይህን ሳልቸኩል እንድሠራ ሲፈልጉ አጠገቤ ቁጭ ብለው ስለ ልጅነታቸው ያወሩኛል፤ ወሬው ካላለቀ ሥራው አያልቅም።

ከሁሉ የምወድላቸው ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሳጥኑ የሚሰቀልበትን ቁመት በሜትር አይለኩም። «የቤቱን አጭር ሴት ጥሩልኝ» ይላሉ። ሴትዮዋ እያፈረች ትመጣለች፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። እጇን እንድትዘረጋ ያደርጉና መዳፏ የደረሰበት ላይ በእርሳስ ይጭራሉ። ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከደረጃ ሥር፣ ከምድጃ በላይ ስቀሉልን የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ሳጥን ለዓይን አያምርማ። እሳቸው ግን በር አጠገብ፣ በአጭሯ ሴት እጅ ልክ። «ጭስ የመጣ ዕለት ወንበር ፈልጋ ልትቆም ነው?» ይላሉ።

ሁለተኛውን ልማዳቸውን እኛ «ዋዜማ» እንለዋለን። ሥራው ሲያልቅ የቤቱን እመቤት «ነገ በዓል ነው እንበል፤ በዋዜማው የሚለኮሰውን ሁሉ ለኩሱልኝ» ይሏታል። ምድጃው፣ ምጣዱ፣ ካውያው፣ ሁሉም ይበራል። ጋሽ ሙዴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ቀስ ብለው ይጠጣሉ። ሻዩ ሲያልቅ ተነስተው የእጃቸውን ጀርባ ሳጥኑ ላይ ያሳርፋሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ ዋናውን ያጠፉና፣ መዳብ ሲሞቅ ብሎን ሊላላ ስለሚችል፣ አንድ በአንድ እንደገና ያጠብቃሉ። ሞቅ ካለ ደግሞ ሁሉም ይፈታል። ገንዘብ የሚቀበሉት ከዋዜማ በኋላ ብቻ ነው።

ከእሳቸው ወጥቼ ለዓመታት አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ሠራሁ። አለቃዬ ከጠዋት እስከ ማታ «ቶሎ በል» ከማለት ውጭ ሌላ ቃል የሚያውቅ አይመስልም ነበር፤ ለልጁ ስም ሲያወጣ «ቶሎሳ» ቢለው አይገርመንም እያልን እናሾፍበት ነበር። እዚያ ያተረፍኩት ከኢንጂነር ሰብለ ጋር መተዋወቄን ነው። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። አንድ ቀን የገጠምኩትን ሳጥን ከፈተችና፦

«ጋሽ ተካ፣ ይህን ማን አጠበቀው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ!» አልኳት፣ ምስጋና ሊመጣ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ።

«ሽቦውን ገድለውታል።»

ብሎኑን ስትፈታው የሽቦው ክሮች ግማሹ ተበጥሰዋል። እኔ እስከዚያች ቀን ጥብቅ ማለት ክንድ እስከቻለ ድረስ ማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ ከልክ ያለፈም እንደላላው ሽቦውን ያሞቀዋል። ልኩ ሲደርስ በእጅ ውስጥ ቀጭ የሚል ካቻቢቴ ሰጠችኝና አብራኝ ቆማ አለማመደችኝ። በጣም ደስ አለኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እሱ ብቻ ሳወራ አልማዝ ምሳዬን ይዛ ጥላኝ ልትሄድ ደርሳ ነበር። ለጋሽ ሙዴ ወስጄ ባሳየኋቸው ጊዜ እንደ ልጅ መጫወቻ ቀጭ ቀጭ አደረጉት። «እኔ እንግዲህ በእጄ ልሙት፤ አንተ ግን ግዛው» አሉኝ። ገዛሁት።

በኋላ ወደ መርካቶ ተመልሼ ራጉኤል አጠገብ የራሴን ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። እንግዲህ ዋናው ታሪክ እዚህ ላይ ነው።

ከሱቄ ጀርባ አንድ ረጅም አሮጌ ቤት አለ። በአንደኛው ጫፍ እትዬ ብርቄ ይኖራሉ፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ሁለት ሰፈር የሚሰማ ሴት ናቸው። በሌላው ጫፍ እትዬ ዘይነባ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፤ እትዬ ዘይነባ አጭርና ዝምተኛ ናቸው፣ ሲናገሩ ግን ሰው ያዳምጣል። ሁለቱን ቤት አንድ ጠባብ መተላለፊያ ያገናኛል። በመሃሉ በር አለ፣ በሩ ግን ተዘግቶ አያውቅም። ሴቶቹ አብረው ወልደው አብረው ያረጁ ናቸው። ቆጣሪያቸው አንድ፣ መተላለፊያው ውስጥ ያለው ሳጥናቸውም አንድ ነው፤ ሳጥን ከተባለ፣ ጣውላ ላይ የተመታ የባልቦላ ክምር።

አዲስ እንድገጥምላቸው ሲጠሩኝ እንደ ጋሽ ሙዴ ሥርዓት አደረግኩ። ጣውላውን ነቅዬ ሲሚንቶ ሞላሁ፣ የብረት ሳጥን አመጣሁ፣ «የቤቱ አጭር ሴት» ስል እትዬ ዘይነባ እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉ። ሲያልቅ ዋዜማ ጠየቅኩ። ሁለቱም ሳቁብኝ።

«እኛ እኮ አንድ ቀን አንደግስም» አሉ እትዬ ብርቄ። «የእኔ ፋሲካ ሲሆን የእሷ ምድጃ ያርፋል፣ የእሷ ዒድ ሲሆን የእኔ። በእሷ በዓል ምን ቆርጦኝ ምድጃ እለኩሳለሁ?»

«ወላሂ እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «እንግዳ ሆነን ነው የምንውለው።»

እኔም የአንደኛዋን ዋዜማ አንድ ቀን፣ የሌላዋን በማግስቱ ፈተንኩ። ሳጥኑ ቀዝቃዛ ነበር። ዋናው ብሬከር ከቆጣሪው ለሚመጣው ሽቦ ልክ የሆነ ነው። ሽቦው ከአቡጀዴው ኮርኒስ በላይ ያልፋል፤ አሮጌ ቢሆንም ለአንድ በዓል ይበቃል። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ለሰላምታ ጎራ ስል እትዬ ብርቄ ሳጥኑን ዳንቴል አልብሰውታል። ነጭ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ አበባ አለው፣ በጣም የለፉበት ነው። አወረድኩት።

«ራቁቱን ይቁም ታዲያ?» ብለው ተቆጡ።

«እትዬ፣ ክር ይነዳል።»

«ቴሌቪዥኑም ዳንቴል አለው፣ ነዶ ያውቃል?»

ዳንቴሉን ከእጄ ነጥቀው ሄዱ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላም ሲሉኝ ግንባራቸውን ቋጥረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመ። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ ጾመ፤ ደስ የሚል ጊዜ ነበር። የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ሲመጣ ግን እትዬ ብርቄ ዶሮውን በምድጃው፣ ዳቦውን በኤሌክትሪክ መጋገሪያው ጣዱ፤ እትዬ ዘይነባም ለማፍጠሪያ ሾርባውን ጥደው ሳምቡሳ መጥበስ ጀመሩ። ሁለቱም ምድጃ በአንድ ጊዜ ተለኮሰ። በዓልን ለየብቻ ቆጥረን ጾምን ሳንቆጥር ቀርተናል፤ እነሱም፣ እኔም።

ዋናው ብሬከር ወደቀ። አነሱት፣ ወደቀ። እንደገና አነሱት፣ ወደቀ። የእትዬ ብርቄ ወንድም ሙሉጌታ ለበዓል መጥቶ ነበር። ታክሲ ሹፌር ነው፤ «ጣጣ የለውም» የሚል ቃል ከአፉ አይጠፋም። «ብሬከሩ ደካማ ነው፣ ጣጣ የለውም» ብሎ ወጣና ከገበያው ትልቅ ብሬከር ገዝቶ መጣ። ለወጠው። መብራቱ በራ፣ ቆመ። እትዬ ብርቄ ግንባሩን ሳሙት። ማንም ያላሰበው ነገር፣ ብሬከሩ ትልቅ ሲሆን ሽቦው አብሮ አለመትለቁን ነው። ብሎኑንም በወጉ አላጠበቀውም ነበር።

አዛን ሊባል ሲል እትዬ ዘይነባ በመተላለፊያው ሲያልፉ ጎማ ጎማ ሸተታቸው። ቀና ሲሉ ኮርኒሱ ላይ አቡጀዴው ጠቁሮ መሃሉ ቀልቷል። አልጮሁም። እጃቸውን ዘርግተው ዋናውን ወደ ታች መቱት። የሳጥኑ ብረት እንደ ጋለ ካውያ ሆኖ ነበርና መዳፋቸው ተላጠ። ከዚያ በኋላ ነው የጮሁት። መንገድ ላይ የነበሩ ተሸካሚዎች ዘልለው ገቡ፤ አቡጀዴውን በሜንጦ አወረዱት፣ ከጎረቤት ግንባታ አሸዋ እየዘገኑ ደፉበት። አዛኑ ሲሰማ እሳቱ ጠፍቶ ነበር። እትዬ ዘይነባ ያፈጠሩት አንድ ተሸካሚ ከራሱ ኮዳ በሰጣቸው ውኃ ነው።

ሱቄ ቅርብ ስለሆነ ጭሱ ሳይበተን ደረስኩ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ውስጡ ከሰል መስሏል፣ እሳቱን ግን አላወጣውም፤ ሲሚንቶውም አልነካም። የነደደው ከላይ ያለው ሽቦ ነው። የሁለቱም ቤት ኮርኒስ ወርዷል። እትዬ ዘይነባ ለልጃቸው ሠርግ ቁም ሣጥን ላይ የደረደሩት ብርድ ልብስና አንሶላ ጠቁሯል። የእትዬ ብርቄ ዶሮ ወጥ ጥላሸት ወርዶበት ተደፋ። ሰው አለመሞቱን እያሰብኩ አመሰገንኩ። የሠራሁት ሳጥን ሥራውን ሠርቷል። እኔ ግን መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ፣ ሁለቱም ምድጃ አብሮ የሚለኮስበት ቀን አለ ወይ የሚለውን፣ አልጠየቅኩም፤ በሙያ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ከእሳቱ የባሰው ግን ከእሳቱ በኋላ የመጣው ነው። «ወንድምሽ አቃጠለን» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ሳምቡሳሽ ነው ያቃጠለን» አሉ እትዬ ብርቄ። ፋሲካም፣ ዒድም በኩርፊያ አለፈ። ተዘግቶ የማያውቀው በር ተዘጋ፤ ከእትዬ ብርቄ በኩል ደግሞ ጣውላ ተመታበት። እትዬ ዘይነባ እጃቸው ከዳነ በኋላ እንኳ ወደ ሳጥኑ አልቀርብ አሉ፤ በመተላለፊያው ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሁለቱም በየተራ ሱቄ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«የእኔን ለይልኝ።»

መለየት ሥራዬ ነው፣ እችላለሁ። ሁለት ሳጥን፣ በመሃል ግድግዳ፣ አለቀ። ግን ግድግዳው አንዴ ከቆመ ማንም እንደማያፈርሰው አውቃለሁ። ጨንቆኝ ጋሽ ሙዴ ዘንድ ሄድኩ። ያኔ አርጅተው ቤት ይውሉ ነበር። ሁሉንም ሰሙኝ።

«ዋዜማውን ለየብቻ ፈተንከው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አንድ ጣሪያ ሥር?»

ጉልበቴን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። «እንግዲህ በዓሉን አንድ ላይ አድርግላቸዋ» አሉና ሻይ አስቀዱልኝ።

ለሁለቱም ሴቶች አንድ መልስ ሰጠሁ። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ሳጥኑም አንድ ነው፤ ሳጥኑ መተላለፊያው ውስጥ ስለሆነ በሩ ካልተከፈተ መሥራት አልችልም አልኳቸው። ከቃሌ እኩሌታው እውነት ነበር። «ለሥራው ብቻ» ብለው ጣውላውን አስነቀሉ። ከቆጣሪው የሚመጣው መስመር እንዲተልቅ ማመልከቻ አስገብተን፣ ተመላልሰን፣ በመጨረሻ ተፈቀደ። አዲሱን ወፍራም ሽቦ በቧንቧ ውስጥ አሳለፍኩት። አቡጀዴው ቀርቶ በጂፕሰም ተተካ። በአንድ የብረት ሳጥን ውስጥ ሁለት ረድፍ ሠራሁ፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ፤ ሰው ሽቦ ቢነካ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከርም ጨመርኩላቸው። ሲሚንቶውን ያቦካው ሙሉጌታ ነው። ልኩ ሲደርስ ቀጭ በሚለው ካቻቢቴዬ እኔ አጠብቃለሁ፣ እሱ ይጎትታል።

«ጎትት።»

«ጠብቋል ጋሽ ተካ፣ ጣጣ የ—»

«ጎትት!»

ጎተተ። ያን ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ሥራው ሲያልቅ ለሁለቱም «ማክሰኞ በዓል ነው፣ ተዘጋጁ» አልኳቸው።

«የማን በዓል?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«የሳጥኑ።»

ተያዩ። ከእሳቱ ወዲህ ሲተያዩ ያየኋቸው ያኔ ነው። በዓል ሲሉት ግን ቀልድ አያውቁም። ሁለቱም የሚበሉት እንዲሆን ሥጋ የሌለበት ተባለ። ማክሰኞ ሁሉም ተለኮሰ፤ ዳቦው፣ የምስር ሳምቡሳው፣ የድንች ወጡ፣ ካውያው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ልጆቹ ያመጡት የፀጉር ማድረቂያ ሳይቀር። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሻዬን ጠጣሁ። ዘይት ያለቀባቸው እትዬ ዘይነባ በሩን አልፈው ከእትዬ ብርቄ ወጥ ቤት ወሰዱ፤ ሳይጠይቁ፣ እንደ ድሮው። እትዬ ብርቄ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፣ ግን ዘፈን ጀመሩ። ተነስቼ እጄን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ።

«ቀዘቀዘ?» አሉ እትዬ ዘይነባ ከሩቅ፣ ከወጥ ቤታቸው በር ሆነው።

«ቀዝቃዛ ነው» አልኩ።

እልልታው የራጉኤል ቅጥር ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ሁለቱም ጾም በሌላቸው አንድ ማክሰኞ፣ ያ ቤት የሳጥኑን በዓል ያከብራል። ሰፈሩም ለምዶታል፤ «ሳጥኑ መቼ ነው ዘንድሮ?» ብለው የሚጠይቁ ጎረቤቶች አሉ። እኔ እሄዳለሁ፣ ብሎኑን በየተራ አያለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ እጄን አሳርፋለሁ። እትዬ ዘይነባ ግን አንድም ዓመት ወደ ሳጥኑ ቀርበው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመው «ቀዘቀዘ?» ይላሉ፣ እኔ «ቀዝቃዛ ነው» እላለሁ፣ በእኔ ቃል ያድራሉ።

ሱቄን የዘጋሁት ጣቶቼ መደንዘዝ ሲጀምሩ ነው። ሐኪሙ ስኳር ነው አለኝ። ለሰው ጉልበቴ ነው እላለሁ፤ የመብራት ሠራተኛ እጄ ደነዘዘ ሲል መስማት ደስ አይልም። የእጄ ጀርባ ግን ገና ነው ብዬ እመካ ነበር።

የዘንድሮው ማክሰኞ ባለፈው ወር ነበር። አልማዝም አብራኝ መጣች፤ እዚያ ቤት ሕጉ አይሠራም። ሁሉም ተለኮሰ፣ ሻዬን ጨረስኩ፣ ተነስቼ እጄን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ።

«ቀዘቀዘ?» አሉ እትዬ ዘይነባ ከበሩ።

እጄ ምንም አልነገረኝም። ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ፣ ብረት ይሁን እንጨት፣ አላወቅኩም። መዳፌን አዙሬ ሞከርኩ፤ እሱም ዝም አለ። የለመድኩትን ቃል መናገር እችል ነበር፣ ማንም አያውቅብኝም። ግን ያ ቤት በዚያ ቃል ነው የሚያድረው፤ ሳላውቅ እንዴት ልበለው? አልማዝ ገባት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው ተካ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አልሰማ አለኝ እትዬ» አልኩ። «እጄ አልሰማ አለኝ።»

ሙሉጌታ ሊመጣ ሲነሳ እትዬ ዘይነባ በክንዳቸው አገዱት። ከበሩ ለቀቁ። በመተላለፊያው ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን ይዘው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ያን በጠባሳ የነጣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ቁመቱ ልክ ነው፣ ድሮ በእርሳስ የጫርኩት እዚያ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው «ቢስሚላህ» አሉና ሳጥኑ ላይ ሙሉ መዳፋቸውን አሳረፉ። አላነሱትም። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ።

«ብርቄ፣ ነይ ንኪው» አሉ። «ቀዝቃዛ ነው እኮ!»

እትዬ ብርቄ መጡ፣ ነኩ። ከዚያ ልጆቹ፣ ሙሉጌታ፣ አልማዝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ ነካ። እልልታው መሃል እትዬ ብርቄ ወደ ቤታቸው ገብተው ያን ነጭ ዳንቴል ይዘው ወጡ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው አበባ ትንሽ ቢጫ ሆኗል። የተቀመጥኩበት በርጩማ አጠገብ ያለችውን የመሣሪያ ሳጥኔን አለበሷት።

«ይቺኛዋ እንኳ አትሞቅም» አሉ። «የሚቀጥለውን ዓመት ዘይነባ ናት የምትነካው። አንተ ሻይህን ጠጣ።»

ሁለተኛውን ሻይ የቀዱልኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ፤ ሙቀቱ አልተሰማኝም፣ ሻዩ ግን በጣም ጣፈጠኝ።